የአሮጌ ጠመንጃዎች ሁለተኛ ዕድሜ

አድማጮቻችን፤ አንድ የጦር መሣሪያ ከሠራዊቱ እጅ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። የጦርነት ታሪክ ጸሐፊዎች ጠመንጃውን ከተሠራበት ፋብሪካ እስከ ተተኮሰበት ሜዳ ድረስ ይከተሉታል፤ አዲስ ዐይነት ጠመንጃ ተፈልስፎ አሮጌው ወደ ግምጃ ቤት በተመለሰ ጊዜ ግን ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። ብረት ግን እንደ ሰው ቶሎ አይሞትም። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ የተሠሩት፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሱት ጠመንጃዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ብዙ ጥይት የሚጎርሰው ጠመንጃ በመጣ ጊዜ ለጦርነት የማይበቁ ሆኑ። ከእነርሱም አያሌዎቹ በአንጥረኛ እጅ ተለውጠው ጠጠር እርሳስ የሚተፋ የወፍ ማደኛ፣ የእርሻ ጠባቂ፣ የመንደር ዘበኛና የእስር ቤት ወታደር መሣሪያ ሆኑ። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተለየ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ጉዳዩ የአንጥረኛ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር፣ ጠመንጃን የማለስለሱ ሥራ ከወፍ ይልቅ ሰውን የሚመለከት፣ ማን ምን ዐይነት መሣሪያ ይያዝ የሚለውን የመንግሥታት ጥያቄ የያዘ ሆኖ እናገኘዋለን።

በመጀመሪያ የነገሩን ሥር መረዳት ያስፈልጋል። የጦር ጠመንጃ ቱቦ ከውስጡ እንደ ብሎን ጥርስ እየዞረ የሚሄድ ጥምዝ ቦይ ተቀርጾበታል። ፈረንጆች ለእንዲህ ያለው ጠመንጃ ያወጡለት ስም ራሱ ከዚህ ቦይ የተገኘ ነው። የቦዩም ጥቅም ጥይቱ በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ እንደ እንዝርት እንዲሾርና ከወጣም በኋላ ሳይገለባበጥ አፍንጫውን ወደ ፊት እንዳደረገ እንዲበር ነው። ለአንድ ጥይት ይህ ትልቅ በረከት ነው። በአንድ ጥይት ፈንታ አንድ እፍኝ ጠጠር እርሳስ በዚያው ቱቦ ቢተኮስ ግን በረከቱ ወደ መርገም ይለወጣል። ጠጠሮቹ እየሾሩ ስለሚወጡ ወዲያው ወደ ዙሪያው ይበታተናሉ፤ መካከሉ ባዶ ሆኖ እንደ ቀለበት ይዘረጋሉ፤ ወፏም በቀለበቱ መካከል በሰላም ታልፋለች። ስለዚህ የጦር ጠመንጃን ወደ ጠጠር ተኳሽ ለመለወጥ የፈለገ አንጥረኛ ሁሉ ቦዩን ከመፋቅ ወይም ቱቦውን በሌላ ከመተካት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

የጠጠር ጠመንጃ ስፋት የሚለካበትም መንገድ ለብቻው ነው። ከአንድ የእንግሊዝ ፓውንድ እርሳስ ውስጥ ከቱቦው ስፋት ጋር የሚተካከሉ ስንት ክብ ድብልብሎች ይወጣሉ ተብሎ ይቈጠራል። 12 ከወጡ ጠመንጃው 12 ቁጥር ይባላል፤ ስፋቱም 18 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው። 20 ከወጡ 20 ቁጥር፣ 28 ከወጡ 28 ቁጥር ይሆናል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቱቦው እየጠበበ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። 28 ቁጥር 14 ሚሊሜትር ነው። ከሁሉ የጠበበውና በስፋቱ 410 የሚባለው ደግሞ 10 ሚሊሜትር ከግማሽ አይሞላም። የአሮጌ የጦር ጠመንጃዎች አብዛኞቹ ከ11 እስከ 15 ሚሊሜትር ስለ ነበሩ፣ ሲለወጡም ወደ ጠባቦቹ ቁጥሮች የሚያዘነብሉት ለዚህ ነው።

ለአገራችን ሰው ከእነዚህ ጠመንጃዎች ቀድሞ የታወቀው ሰናድር ነው። ስሙ የስናይደርን ስም የያዘ ነው። ጃኮብ ስናይደር አሜሪካዊ ነበር፤ የፈለሰፈውም አዲስ ጠመንጃ ሳይሆን አሮጌውን የማደሻ ዘዴ ነው። የእንግሊዝ ሠራዊት በ1853 ዓመት ዐይነት የኤንፊልድ ጠመንጃ ይታጠቅ ነበር፤ ይህም ባሩዱና ጥይቱ በአፈሙዙ በኩል በዘንግ እየተጠቀጠቀ የሚጎርስ ነው። ስናይደር የቱቦውን የኋላ ጫፍ በጥቂቱ ቈርጦ፣ በቦታው በጎን እንደ ሣጥን ክዳን የሚከፈት ብረት ገጠመበት። በዚህም ጥይቱ ከኋላ የሚጎርስ ሆነ። እንግሊዞች በ1866 ይህን ተቀብለው ጠመንጃዎቻቸውን ሁሉ ወደዚያ ለወጡ። ስናይደር ግን የድካሙን ዋጋ ሲጠባበቅ በዚያው ዓመት በድህነት ሞተ። እንግዲህ ሰናድር ገና ከመወለዱ ጀምሮ ተለዋጭ ነበር ማለት ነው።

ስናይደር በታላቅ ዘመቻ የተፈተነው በኢትዮጵያ ምድር ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዓርብ ስቅለት፣ ከመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ሲጋጠም፣ እንግሊዞቹ ወታደሮች የያዙት ይህንኑ ነበር። የእኛዎቹ አንድ ጊዜ ተኩሰው እንደገና እስኪያጎርሱ ድረስ ያሉት ጥቂት አፍታዎች በስናይደር ፊት እጅግ ረጅም ሆኑባቸው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማይወሳ አንድ ነገር አለ። በናፒየር ጦር ውስጥ የነበሩት ሕንዶቹ ወታደሮች በአፈሙዝ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃ እንደ ያዙ ነበሩ። አንድ ባንዲራ፣ አንድ አዛዥ፣ አንድ ጦር ሜዳ ሳለ መሣሪያው ስለምን ሁለት ዐይነት ሆነ?

መልሱ ወደ 1857 ይመልሰናል። በዚያ ዓመት የሕንድ ወታደሮች በእንግሊዝ ኩባንያ ላይ ተነሡ። ካስነሧቸውም ምክንያቶች አንዱ የኤንፊልድ ጠመንጃ ጥይት መጠቅለያ በላምና በዐሣማ ስብ ተለውሷል መባሉ ነበር። ዐመፁ ከጠፋ በኋላ እንግሊዞች አንድ ነገር ወሰኑ፤ ሕንዳዊው ወታደር ከእንግሊዛዊው ጋር በመሣሪያ እኩል መሆን የለበትም። ስለዚህ በ1858 ለሕንድ ወታደሮች የተዘጋጀው ጠመንጃ በመልኩ ከኤንፊልድ የማይለይ፣ ነገር ግን ውስጡ ለስላሳ የሆነ ነበር። ከሩቅ ለሚያየው ያው ጠመንጃ ነው፤ ሰደፉም፣ ቱቦውም፣ ሳንጃውም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በተተኮሰ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥይቱ ሩቅ አይሄድም፣ ከመቶ ሜትር ያለፈውን በርግጠኝነት አይመታም። ወታደሩ እንዲያገለግል እንጂ እንዳያስፈራ የታሰበ መሣሪያ ነበር። በኋላም ስናይደር ራሱ ውስጡ እየለሰለሰ ለቅኝ አገር ፖሊሶች ተሰጥቷል። የስናይደር ስፋት 14 ሚሊሜትር ከ7 ያህል ስለ ነበረ ከ24 ቁጥር የጠጠር ጠመንጃ ጋር ለጥቂት ነው የማይተካከለው፤ ስለዚህ ቦዩ ሲፋቅ ወዲያው የወፍ ማደኛ ለመሆን የሚቀረው ነገር አልነበረም።

ናፒየር ከአገራችን ሲወጣ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ላደረጉለት ርዳታ መድፎችና አያሌ መቶ ጠመንጃዎች ትቶላቸው እንደ ሄደ የታወቀ ነው። ደጃዝማች ካሣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አቅራቢያ በቁጥር የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር ድል ነሥተው በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው የነገሡት ይህንኑ መሣሪያ ይዘው ነው። የተሰጣቸውም ጠመንጃ አብዛኛው አዲሱ ስናይደር ሳይሆን እንግሊዞች የማይፈልጉት አሮጌው ነበር። ለአንዱ አገር የተጣለ ዕቃ የሆነው ለሌላው አገር ዙፋን አወጣ።

ወደ ፈረንሳይ ስንሻገር ነገሩ የመንግሥት መሆኑ ቀርቶ የነጋዴ ይሆናል። ፈረንሳዮችም በ1867 አሮጌ ጠመንጃዎቻቸውን እንደ ስናይደር ባለ ክዳን ለውጠው ነበር። ክዳኑ የትንባሆ ሣጥን ክዳን ስለ መሰለ ሠራዊቱ ታባቲየር አለው፤ በእነርሱ ቋንቋ የሱረት ሣጥን ማለት ነው። በ1870 በተደረገው የፕሩስያና የፈረንሳይ ጦርነት ፈረንሳይ ከተሸነፈች በኋላ ይህ መሣሪያ በብዛት ለሽያጭ ወጣ። ገዢዎቹም የቤልጂግ ከተማ የሊዬዥ ነጋዴዎች ነበሩ። ሊዬዥ የአውሮፓ የጠመንጃ ገበያ ብትባል ያንስባታል። እዚያ ቱቦው እየለሰለሰና እየሰፋ 12 ቁጥር የአደን ጠመንጃ ሆነ፤ ሰደፉም ተላገ። ከዚያም በመርከብ ተጭኖ ወደ አሜሪካ ሄደና ዙሉ በሚል ስም በጥቂት ዶላር ለገበሬዎች ተቸበቸበ። ዙሉዎች ከዚህ ጠመንጃ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራቸውም። ስሙ የነጋዴ ብልሃት ነው።

ታባቲየርን የተከተለው የግራ ጠመንጃ ነው። ግራ የመኰንኑ የባዚል ግራ ስም ሲሆን፣ ጠመንጃው በ1874 የቀድሞውን የሻስፖ ጠመንጃ የወረቀት ጥይት በናስ ቀለህ በመለወጥ የተገኘ ነው፤ እርሱም ተለዋጭ መሆኑ ነው። ፈረንሳይኛው ፉዚ ግራ የሚለው በአገራችን አፍ ውጅግራ ሆነ። ውጅግራ ለኢትዮጵያውያን ምን እንደ ነበረ ለአድማጮቻችን ማስረዳት አያስፈልግም። ፈረንሳይ ግን በ1886 ጢስ የሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን የለቤል ጠመንጃ ስለ ተቀበለች የግራ ጠመንጃ በገዛ አገሩ ሥራ ፈታ። በሴንት ኤትየንና በሊዬዥ የሚገኙ ጠመንጃ ሠሪዎች የ11 ሚሊሜትሩን ቱቦ እያሰፉና እያለሰለሱ ለፈረንሳይ ገበሬ የጥንቸልና የድርጭት ማደኛ አድርገው ሸጡት። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ አንድ ዐይነት ጠመንጃ በአንድ ዘመን ሁለት ኑሮ ነበረው፤ በእኛ ተራሮች የነጻነት ጋሻ ሆኖ ሲዘምት በፈረንሳይ የወይን እርሻ ውስጥ ጥንቸል ያሳድድ ነበር።

የሊዬዥ ንግድ በቀጥታ ወደ ሸዋ እንደ መጣም ማስረጃ አለ። አርቱር ሬምቦ የተባለው የፈረንሳይ ባለ ቅኔ ቅኔውን ትቶ በሐረርና በታጁራ ነጋዴ ሆኖ ነበር። በ1885 መጨረሻ ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ስለሚነግድበት ጠመንጃ ሳያፍር ገልጿል። ከአርባ ዓመት በፊት ከሠራዊት የተሰናበቱ፣ በካፕሱል የሚተኮሱ አሮጌ ጠመንጃዎች እንደ ሆኑ፣ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ ከአሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ እያንዳንዳቸው 7 ወይም 8 ፍራንክ እንደሚያወጡ፣ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን 40 ፍራንክ ያህል እንደሚሸጡ አመልክቷል። የዋጋውን ልዩነት አድማጮቻችን ራሳቸው ያሰሉት። ሬምቦም ከዚህ ንግድ ያሰበውን ያህል አላተረፈም፤ ሸሪኮቹ ሞቱበት፤ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ይዞ በ1887 ሸዋ በደረሰ ጊዜም ምኒልክ ዋጋውን በሚገባ የሚያውቁ፣ በገበያ የማይታለሉ ሰው ሆነው አገኛቸው።

እዚህ ላይ ስለ ሙከራ ቤቶች ጥቂት መናገር ተገቢ ነው። የተለወጠ ጠመንጃ አደገኛ ነው። ቱቦው በተፋቀ መጠን ግድግዳው ይሳሳል። ለጥቁር ባሩድ ተብሎ የተሠራ ብረት ጢስ በሌለው ባሩድ ጉልበት ሊፈነዳ ይችላል። በግራ ጠመንጃ ላይ ደግሞ ቃታው የሚቆለፈው በእጀታው ሥር ብቻ ስለ ሆነ ብዙ ማስገደድ አይወድም። ይህን አደጋ ለመከላከል ከጥንት ጀምሮ በመንግሥት ሕግ የቆሙ ሙከራ ቤቶች ነበሩ። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637 ከንጉሡ ቻርተር ተቀበለ። የሊዬዥ የሙከራ ሥርዐት በ1672 በጳጳሱ መስፍን ትእዛዝ ተመሠረተ። የበርሚንግሃም ሙከራ ቤት በ1813 በፓርላማ ሕግ ቆመ። እያንዳንዱ ቱቦ ከልክ በላይ በጎረሰ ባሩድ ይተኮሳል፤ ካልተሰነጠቀ ማኅተም ይመታበታል። የአውሮፓ ገበሬ ጠመንጃ ሲገዛ ከሁሉ በፊት ይህን ማኅተም ይመለከት ነበር። ወደ አፍሪካ ለሚላከው ዕቃ ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያደርጉ እንደ ነበረ መገመት ያዳግታል፤ የነጋዴ ልብ ከባሕሩ ማዶ ላለው ጣት ያን ያህል አይጨነቅም።

የመንግሥታቱ ጭንቀት ሌላ ነበር። ሐምሌ 2 ቀን 1890 በብራስልስ በተፈረመው ስምምነት፣ የባሪያ ንግድን ለማስቀረት በሚል ስም፣ ከሰሜን 20ኛው እስከ ደቡብ 22ኛው ዲግሪ ድረስ ባለው የአፍሪካ ክልል ጥምዝ ቦይ ያላቸውና የተሻሻሉ ጠመንጃዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ለአፍሪካውያን የተፈቀደው በባልጩት የሚተኮስና ውስጡ ለስላሳ የሆነ ጠመንጃ ነበር። ኢትዮጵያም በካርታው ላይ በዚሁ ክልል ውስጥ ትገኛለች። የባሪያ ንግድ መጥፎ መሆኑ የማይካድ ነው። ነገር ግን ሕጉ በአንድ ጥምዝ ቦይ ሰውን ለሁለት እንደ ከፈለው፣ ቦዩ ያለው በአንድ ወገን፣ ቦዩ የሌለው በሌላ ወገን እንደ ቆመ ማስተዋል ይገባል። በ1858 ለሕንድ ወታደር የተደረገው በ1890 ለአንድ ሙሉ አህጉር ተደረገ። ኢትዮጵያውያን ግን ከስድስት ዓመት በኋላ በዐድዋ የተሰለፉት ቦይ ባለው ጠመንጃ ነበር።

አሁን ወደ ማርቲኒ እንመለስ፤ የዚህ ታሪክ ዋነኛው ባለ ጉዳይ እርሱ ነውና። በ1862 ሄንሪ ፒቦዲ የተባለ የቦስተን ሰው ከፊት ወደ ታች የሚወርድ መዝጊያ ፈለሰፈ። የስዊሱ መሐንዲስ ፍሪድሪክ ፎን ማርቲኒ በውጭ የነበረውን መዶሻ አስወግዶ መቺውን ወደ ውስጥ አስገባው። የኤድንበርኩ አሌክሳንደር ሄንሪ ቱቦውን ሠራ። እንግሊዞች በ1871 ማርቲኒ ሄንሪ ብለው ተቀበሉት። ከሰደፉ አንገት በታች ያለው እጀታ ወደ ታች ሲገፋ መዝጊያው ይወርዳል፣ ያለፈው ቀለህ ይወጣል፣ መቺው ይወጠራል፤ እጀታው ሲመለስ ጠመንጃው ለመተኮስ ዝግጁ ነው። በ1879 በዙሉዎች ላይ በተደረገው ዘመቻ ያገለገለው ይህ ነው። ጉድለት አልነበረውም አይባልም። ቀለሁ ከተጠቀለለ ስስ ናስ የተሠራ ስለ ነበረ፣ በ1885 በሱዳን በረሓ በሙቀትና በአሸዋ እየተጣበቀ ብዙ ወታደር በጭንቅ ሰዓት አስቸግሯል። ጥፋቱ ግን የጥይቱ እንጂ የመዝጊያው አልነበረም። መዝጊያው ጠንካራ፣ ክፍሎቹ ጥቂት፣ ለመጠገንም ቀላል ነበር። ስለዚህ በ1888 ጥይት የሚያከማቸው የሊ ሜትፎርድ ጠመንጃ ማርቲኒን ከሠራዊት ባስወጣው ጊዜ ጠመንጃ ሠሪዎች መዝጊያውን ሊጥሉት አልወደዱም።

ከእነዚህ አንዱ በበርሚንግሃም የነበረው የግሪነር ድርጅት ነው። ዊልያም ዌሊንግተን ግሪነር በሙያው የታወቀና ስለ ጠመንጃ ታሪክ በ1881 ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነበር። ድርጅቱ የማርቲኒን መዝጊያ ይዞ በቦይ ቱቦ ፈንታ ለስላሳ ቱቦ በመግጠም አንድ ጥይት የሚጎርስ የጠጠር ጠመንጃ ሠራ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች በግብፅ ላይ ችግር ነበረባቸው። በ1919 ሕዝቡ ለነጻነቱ ተነሥቶ ነበር፤ በ1922 ደግሞ የነጻነት ስም ተሰጠው። አገሩን የሚጠብቁ ፖሊሶችና በዐረብኛ ገፊር የሚባሉ የመንደር ዘበኞች መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። መሣሪያው ግን ነገ ወደ ዐመፀኛ እጅ ቢገባ ምን ይደረግ? ጥያቄው የ1858 ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ከዚያኛው የረቀቀ ሆነ።

ለግብፅ መንግሥት የተሠራው የግሪነር የፖሊስ ጠመንጃ 14 ቁጥር ነበረ። 14 ቁጥር በገበያ እምብዛም የማይገኝ ስፋት ነው፤ ጠመንጃውን የሰረቀ ሰው ጥይት አያገኝለትም ተብሎ ታሰበ። ሌቦች ግን ከአሳቢው ይበልጥ ያስቡ ኖሯል። በገበያ የሚገኘውን ትንሽ ጠበብ ያለ ጥይት በወረቀት እየጠቀለሉ መተኮሳቸው ይነገራል። ስለዚህ ግሪነር እንደገና አሰበ። በአዲሱ ዐይነት መቺው መርፌ አንድ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሦስት ጣት ሹካ ሆነ። ጥይቱም ከበስተኋላው ይህን ሹካ የሚቀበል ቦይ ተደረገለት፤ መልኩም እንደ ጠርሙስ አንገት ወደ ፊት ጠበብ አለ። ሌላ ማንኛውም ጥይት ቢገባበት ሁለቱ የጎን ጣቶች ከቀለሁ ጀርባ ጋር ተጋጭተው መካከለኛው መርፌ እንዳይደርስ ያግዱታል። መንግሥት ጥይቱን በቁጥር ይሰጣል፤ ጥይቱን ያልሰጠው ሰው ጠመንጃ ሳይሆን ዱላ ይዟል። ለዘመኑ አስተዳደር ይህ ብልህ ሥራ መስሎ መታየቱ አያስደንቅም። ለእኛ ግን ከብልህነቱ ይልቅ የሚታየን፣ አንድ መንግሥት የገዛ ዘበኛውን የማያምን መሆኑን በብረት ላይ ጽፎ ማሰረከቡ ነው።

በሕንድ አገር ደግሞ በቤንጋል በኢሻፑር የሚገኘው የመንግሥት ፋብሪካ የሊ ኤንፊልድን ጠመንጃ ወደ 410 ለስላሳ ቱቦ ለውጦ ለፖሊሶችና ለዘበኞች አድሏል። የጥይት ማከማቻው በእንጨት ጉማጅ ስለ ተደፈነ፣ ብዙ ጥይት ይጎርስ የነበረው ጠመንጃ ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ ጥይት የሚጎርስ ሆነ። በሩስያም የቤርዳን ጠመንጃ የሞሲን ጠመንጃ በ1891 ከተተካው በኋላ ለሕዝብ እየተሸጠ፣ ቱቦውም እየለሰለሰ በሳይቤሪያ ጫካ የአዳኝ መሣሪያ ሆኖ ቤርዳንካ በሚል የፍቅር ስም ረጅም ዕድሜ ኖሯል። ይህኛው ከማንም ፍርሃት የመጣ ሳይሆን ከድህነት የመጣ ነው፤ ሳይቤሪያዊው ገበሬ የሚፈልገው ለክረምቱ ሥጋና ቆዳ ነበር።

የግሪነር ድርጅት ይህንኑ የማርቲኒ መዝጊያ በተራ 12 ቁጥር ሠርቶ ለሁሉ አገልግሎት በሚል ስም ለእንግሊዝ ገበሬዎችና ለእንስሳት ጠባቂዎች ሲሸጥ ኖሮ፣ በ1965 ሥራውን ዌብሊና ስኮት ለተባለው ድርጅት አስረከበ። የግብፁ የፖሊስ ጠመንጃ ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። ያ ልዩ ጥይት እየጠፋ ሄደና፣ የቀሩት ጠመንጃዎች በአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች እጅ ገብተው ወደ ውጭ ተሸጡ። የገዟቸውም ሰዎች የሚተኩሱበት ጥይት ስላላገኙ ወደ ጠመንጃ ሠሪ ወሰዷቸው፤ ጠመንጃ ሠሪውም ባለ ሦስት ጣቱን መርፌ አውልቆ በአንድ መርፌ ተካው፤ የጥይቱንም ቤት ለተራ ጥይት እንዲመች አድርጎ ለሦስተኛ ዕድሜው ሰጠው።